ቤት ያለ ምድር

ማዮ ውስጥ ቤት የሚገዛ ሰው መጀመሪያ ስለ ጣሪያው ይጠይቃል። ግድግዳው ጃሉስ የሚሉት ነው፤ የተረገጠ ጭቃ በእርከን እየተደረደረ፣ አንዱ ሲደርቅ ሌላው እየተጨመረበት የሚቆም። አፈሩ ከደጅ ይቆፈራል፣ ውሃው በአህያ ጋሪ ይመጣል፤ ስለዚህ ለግድግዳ ብዙ ዋጋ የሚሰጥ የለም። ዋጋ ያለው ወራጁ፣ ቆርቆሮውና በሩ ነው። ሻጭና ገዢ ሻይ ይዘው ሲከራከሩ የሚሰማው "ቆርቆሮው አብሮ ነው?" "የብረት በሩስ?" የሚል ነው። መሬቱን ሲያነሱ አልሰማሁም። መሬቱ የመንግሥት ነው፤ መንግሥት መቼ እንደሚፈልገው ደግሞ አስቀድሞ አይናገርም።

ማዮ ከካርቱም መሃል ወደ ደቡብ፣ አስፋልቱ እየሳሳ አቧራው እየወፈረ ሲሄድ ትገኛለች። የምጽፈው እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 ጦርነቱ ከመፈንዳቱ በፊት ስለነበሩት ማዮ፣ ካርቱምና ኦምዱርማን ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 የተጀመረው የደቡብ ጦርነትና ተከትሎት የመጣው የ1984 እና የ1985 ድርቅ ከደቡብ፣ ከኑባ ተራሮችና ከዳርፉር ያፈናቀላቸው ሰዎች ካርቱም ዙሪያ ሰፈሩ። ከ1991 ጀምሮ ደግሞ መንግሥት ከመሃል ከተማ እያስነሳ ወደ ዳር ሲያወጣቸው፣ ከተመደቡት ቦታዎች አንዷ ማዮ ሆነች። ማንዴላ የሚባል ክፍል አላት። በመካከላቸው ጥቂት ሐበሾችም አሉ፤ ከነሱ አንዷ ቡና እያፈላች የምትተዳደር አክስቴ ናት።

አክስቴ ቤቷን የገዛችው ከደቡብ ሱዳናዊ ቤተሰብ ነው። ደቡብ ሱዳን እ.ኤ.አ. በ2011 ነፃ አገር ስትሆን በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከሰሜን ወደ ደቡብ ለመመለስ ተነሡ፤ ማዮም ውስጥ ቤት በርካሽ የሚገኝበት ጊዜ መጣ። ሰውየው ዋጋውን ዝቅ አድርጎ ሸጠላት። በሩን ግን ነቅሎ ወሰደው። "በሩ ጁባ ይሄዳል" አላት። አልተከራከረችም፤ እሷም ብትሆን ኖሮ እንደዚያው ታደርግ እንደነበር ነው የምትናገረው። ለብዙ ወር በመጋረጃ ኖረች። የበሩ ማጠፊያ የተቀበረበት ቦታ አሁንም ይታወቃል፤ በጭቃ ብትደፍነውም ዝናብ በመጣ ቁጥር ሦስት ጉድጓድ ሆኖ እየተሸረሸረ ይወጣል፣ ወስፌ የሚያስገባ ስንጥቅም ከታችኛው ጉድጓድ እስከ ወለሉ ይወርዳል። ከዚያ በኋላ የገዛችው በር ሰማያዊ ቀለም የተቀባ፣ ለሌላ ቤት ተሠርቶ የነበረ ነው። ከታች አንድ ጣት ያህል ስለሚያጥር ማታ ማታ አሮጌ ጨርቅ ትወትፍበታለች።

አንድ ማታ ራኩባ በሚሉት ዳስ ሥር፣ የገመድ አልጋው ላይ ተቀምጠን ስልኳ ጮኸ። ለንደን የሚኖረው የሌላዋ አክስቴ ልጅ ነበር። ድምፁን ለሁላችን ከፈተችው።

"እትዬ፣ ቤት ልገዛ ነው።"

"እሰይ! እልልታ ይገባል! የት ሰፈር?"

"ውሃ ላይ። ጀልባ ነው። ሰው የሚኖርበት ጀልባ።"

አክስቴ ወደ እኔ ዞረች። የቀለደ እንደሆነ ከፊቴ ልታነብ ፈለገች መሰለኝ። "አዲስ ነው?" አለችው።

"አሮጌ ነው። ከኔ ይበልጣል በዕድሜ።"

"በል እሺ። ጣሪያው ምንድን ነው? በሩ አብሮ ነው? ደግሞስ ያስነሱሃል ወይስ ትቀመጥበታለህ?"

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥያቄዎች ሳቀ። ሦስተኛው ላይ ሳቁን ተወት አድርጎ፣ "በየአሥራ አራት ቀኑ ነው የምነሳው" አላት።

በማግስቱ ወደ አባይ ስወርድ ጥያቄዎቿ አብረውኝ ወረዱ። ባንክም ሆነ ጠበቃ ከዚህ የተሻለ አይጠይቅም ነበር። ልጁም በኋላ ረጋ ብሎ ሲያስረዳኝ፣ ስለ ጀልባ ቤት ማወቅ የሚገባው ነገር ሁሉ በነዚያ ሦስት ጥያቄዎች ሥር ተሰብስቦ አገኘሁት።

እንግሊዞች ናሮውቦት ይሉታል። ወርዱ ሁለት ሜትር ከአሥር ሳንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ርዝመቱ ግን እስከ ሃያ ሁለት ሜትር ሊደርስ ይችላል። እንዲህ መጥበቡ የሠሪው ምርጫ አይደለም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ጄምስ ብሪንድሊ የሚባል መሐንዲስ መሃል እንግሊዝን በቦይ ሲያገናኝ፣ ጀልባውን ከዝቅታ ወደ ከፍታ የሚያወጡትን የውሃ በሮች ጠባብ አድርጎ ሠራቸው፤ ጀልባ ሁሉ በዚያ ልክ ተሰፋ። በፈረስ እየተጎተተ ድንጋይ ከሰል ይጭን ነበር። ባለ ጀልባው ከነሚስቱና ከነልጆቹ ከኋላ ባለች ሦስት ሜትር በማትሞላ ክፍል ይኖር ነበር፤ ምድጃውም፣ አልጋውም፣ ቁም ሣጥኑም እዚያችው ውስጥ ነበር። ባቡርና የጭነት መኪና ሥራውን ሲወስዱበት ጀልባው ቀረ፣ ከሰሉ ሄደ፣ ሰው ገባበት። ለንደን ውስጥ አንዲት ክፍል መግዛት የማይታሰብ ሲሆን ብዙ ወጣት ዓይኑን ወደ ቦዩ አዞረ።

አሮጌ ጀልባ የሚገዛ ሰው ከሁሉ በፊት ከውሃ ያስወጣዋል። መርማሪ ተከፍሎት ይመጣል፤ በመዶሻ እየነካካ ድምፁን ያዳምጣል፣ በድምፅ ሞገድ የሚለካ መሣሪያም ብረቱ ላይ እያሳረፈ ውፍረቱን ይጽፋል። ድሮ 6 ሚሊ ሜትር የነበረ ወለል በዝገት ተበልቶ ከ4 በታች ከወረደ የኢንሹራንስ ኩባንያው ያንገራግራል፤ ወይ አዲስ ብረት ይለበድበታል ወይ ዋጋው ይወርዳል። በየሁለት ሦስት ዓመቱ ከውሃ ወጥቶ ሬንጅ መሰል ጥቁር ቀለም ይቀባል። የዝገቱን ጥቃት በራሳቸው ላይ እየሳቡ የሚያልቁ የማግኒዚየም ቁራጮችም ጎኑ ላይ ይበየዳሉ። ክረምት ላይ የሰው ትንፋሽ መስኮቱን አልፎ ግድግዳው ላይ ውሃ ሆኖ ይወርዳል። ሽንት ቤቱ በእጅ ተይዞ የሚደፋ ሣጥን ሊሆን ይችላል። ይህን ሁሉ ነግሮኝ "ግን የራሴ ነው" አለኝ። ማዮ የገባሁ ዕለት አክስቴ ስለ ቤቷ የተናገረችው ቃል ነው።

ውሃው ግን የራሱ አይደለም። የእንግሊዝና የዌልስን አብዛኛውን ቦይ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ የሚያስተዳድር የበጎ አድራጎት ድርጅት አለ፤ ፈቃድ የሚሰጠው እሱ ነው። በ1995ቱ ሕግ መሠረት ቋሚ ማቆሚያ ያልተከራየ ጀልባ አንድ ቦታ ከአሥራ አራት ቀን በላይ መቆም አይችልም። ለንደን ውስጥ ቋሚ ማቆሚያ ማግኘት ደግሞ ቤት ከመግዛት ብዙም አይቀልም። ስለዚህ የአክስቴ ልጅ ቤት ይኖረዋል፣ ሰፈር አይኖረውም። ማዮ ውስጥ በተቃራኒው ሰፈር አለ፤ አይነሳም ብሎ በቤቱ የሚተማመን ግን የለም። ዶዘር ሊመጣ ነው የሚል ወሬ ሲሰማ ሰው መጀመሪያ የሚነቅለው በሩን ነው፣ ቀጥሎ ቆርቆሮውን፣ ቀጥሎ ወራጁን። ጭቃው እዚያው ይቀራል። በሰማዩም ቢሆን እምነት የላቸውም። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1988 በአንድ ቀን 200 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ጥሎ ነበር፤ ካርቱም በዓመት ከምታገኘው የሚበልጥ ነው። የጭቃው ከተማ ሟሟ።

እኛ አገር ይህን የሚያዩት በሌላ ዓይን ነው ብዬ ልል ነበር። ርስት ያለው ሰው፣ የአባቶቹን አጥንት የቀበረበት፣ ከዚያ ውጪ ቤት የማያውቅ፤ ስናወራ እንዲህ ነን። ግን 1967 ዓ.ም. ላይ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ የመንግሥት ከሆነ ወዲህ አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ያለው ሰው ያለው ቤቱ ብቻ ነው። የጨረቃ ቤት የምንለውስ? በአንድ ሌሊት ቆሞ፣ ፈረሳ ሲመጣ ቆርቆሮው ተጠቅልሎ ወደሚቀጥለው ዳር የሚሄድ ነው። የቦሌ ቡልቡላ ወይም የየካ ዳርቻ ሰው ማዮ ቢመጣ ቋንቋው እንጂ ኑሮው አይቸግረውም።

ከዚያ ስልክ በማግስቱ ከማዮ የተነሳው አውቶቡስ በሕዝብ ገበያው በኩል አልፎ ዴይም አጠገብ አወረደኝ። ዴይም የሐበሻ ሰፈር ነው፤ እንጀራ ቤቱ፣ የአማርኛ ዘፈኑ፣ ፀጉር ቤቱ ብዙ ነው፤ ብዙ አልቆየሁም። ወደ ናይል ጎዳና ወረድኩ። ትልልቆቹ ዛፎች ጥላቸውን አስፋልቱ ላይ ጥለዋል፤ ሻይ የሚያፈሉት ሴቶች በየዛፉ ሥር በርጩማ ደርድረዋል። ከወንዙ ዳር ብሉ ናይል ሴሊንግ ክለብ የሚባል የጀልባ ክለብ አለ፤ ጽሕፈት ቤቱ ራሱ መርከብ ነው።

መሊክ ትባላለች። ለንደን ውስጥ፣ ቺዝዊክ በሚባለው የቴምዝ ዳርቻ፣ ቶርኒክሮፍት የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1896 ሠራት። በቁርጥራጭ ተጭና፣ የእንግሊዙ ጄኔራል ኪችነር ሱዳንን ለመያዝ ለከፈተው ዘመቻ ባዘረጋው የበረሃ ባቡር ተጓጉዛ፣ ናይል ዳር ተገጣጠመች። ከውሃው ውስጥ የሚሰምጠው አካሏ ስልሳ ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ስለነበር ዝቅተኛ ውሃ ላይ ትሄድ ነበር። አዛዧ በ1885 ካርቱም ውስጥ የተገደለው የጄኔራል ጎርደን የወንድም ልጅ ነበር። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2 ቀን 1898 ኦምዱርማን አጠገብ መድፎቿ የተኮሱበት ጦርነት ከአሥር ሺህ በላይ ሱዳናውያንን ጨርሷል። ከ1926 ጀምሮ ደግሞ ለጀልባ ክለቡ ቤት ሆና ተሰጠች። እኔ ሳያት ከውሃው ወጥታ ዳር ላይ ተቀምጣ ነበር።

ጎኗን በመዳፌ ዳበስኩት። ብረቶቹ የተያያዙት በብየዳ አይደለም፤ ክብ ክብ ራስ ያላቸው የብረት ችንካሮች በመስመር በመስመር ተደርድረዋል፤ ቀለሙ ተደራርቦ ራሶቹን ሊያስተካክል ጥቂት ቀርቶታል። አንዱ ችንካር ወድቆ ቀዳዳው ውስጥ ሸረሪት ድሯን አድርታለች። ከውስጥ የወንበር መንኳኳት ይሰማል። አንድ ሠራተኛ ብርጭቆ ይዞ ወጣና ሰላምታ ሰጠኝ። "ከየት ነህ?" "ከአዲስ አበባ።" "እንግዲያው ውሃው ከናንተ ነው የመጣው፣ ለውሃው አትከፍልም" ብሎ ሳቀ። ካርቱም ውስጥ ይህን ቀልድ ሳይሰማ የተመለሰ ሐበሻ ያለ አይመስለኝም፤ ቀልድ መሆኑ ደግሞ በየዓመቱ እየቀነሰ ሄዷል።

ወንዙ ላይ ሳፈጥ "አባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል" የሚለው የአገሬ ተረት መጣብኝ። ስንናገረው የምንወቅሰው ወንዙን ነው። ግን እኛ ራሳችን ወንዙን ለመኖሪያም ለመንገድም አልተጠቀምንበትም። በጣና ላይ ከደንገል የሚሠራው ታንኳ ቤት አይሆንም፤ ከውሃ ወጥቶ ካልደረቀ ይበሰብሳል። አንድ የተለየ ታሪክ ብቻ አለን፤ ጋምቤላ። አፄ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1902 ከእንግሊዝ ጋር ሲዋዋሉ ባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ ፈቀዱላቸው፣ ውሃው በሚሞላበት ክረምትም የእንፋሎት መርከቦች ከዚሁ ከካርቱም ተነሥተው በነጭ አባይ፣ በሶባት፣ በባሮ አድርገው ጋምቤላ ይደርሱ ነበር። የምዕራብ ኢትዮጵያ ቡና በመርከብ ወደ ካርቱም ወረደ። ሱዳን ነፃነቷን ባገኘች ጊዜ፣ በ1956፣ ጣቢያው አበቃ። ክረምት ላይ ደርሶ ውሃው ሳይሸሽ መመለስ ያቃተው መርከብ እስከሚቀጥለው ሐምሌ አሸዋ ላይ ይቀመጥ ነበር፤ ሠራተኞቹ ታዲያ ወደዱም ጠሉ ቤታቸው እሱ ነበር።

ወደ ኦምዱርማን ተሻገርኩ። ኦምዱርማን ለሐበሻ ከባድ ከተማ ነው፤ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ የወደቁት የአፄ ዮሐንስ ራስ ለማህዲስቶቹ መሪ ለኸሊፋው የቀረበው እዚህ ነው። ይህን እያሰብኩ ሞውረዳ ገበያ የዓሣ ጥብስ በላሁ፤ ሰው ከታሪክ ጋር የሚታረቅበት መንገድ አንዳንዴ በሆዱ ነው። ዓሣው ቆሮሶ ነበር፣ ዘይቱ ትኩስ፣ በርበሬው ከኦቾሎኒ ጋር የተደለዘ። አስተናጋጁ ዳቦ አቀረበልኝ፤ ኪስራ ጠየቅሁ። ኪስራ ከማሽላ ሊጥ ስስ ሆኖ ሲጋገር የእንጀራ ዘመድ ነው፤ ዓይን ብቻ የለውም።

አቡ ሮፍ የሚባለው የኦምዱርማን ሰፈር ወንዙ ዳር የእንጨት ጀልባ ይሠራል። የሚሠሩበት ሱንት የሚሉት የግራር ዓይነት ነው፤ ጠንካራ፣ ከባድ፣ ውሃ የማይበላው፤ ግን አጭርና ጠማማ። ከሱንት ረጅም ሳንቃ አይወጣም። ስለዚህ ጀልባው የጎድን አጥንት የሚባል ነገር የለውም፤ አጫጭር ሳንቃዎች አንዱ ባንዱ ጫፍ ላይ እየተደረደሩ፣ በረጃጅም ሚስማር ከላይ ወደ ታች እየተበሱ ይሠራል። መጋጠሚያው ላይ ጨርቅ ይወተፋል። ሄሮዶቱስ የግብፅን ጀልባ ሠሪዎች ሲገልጽ ሳንቃውን እንደ ጡብ ይደረድሩታል ብሎ ጽፏል፤ ከዚያ ወዲህ ሁለት ሺህ አራት መቶ ዓመት አልፎ አቡ ሮፍ ላይ ያው አሠራር አለ። ማዮ ውስጥ ግድግዳ ሲቆም ያየ ሰው ይህን ሲያይ አይገረምም። ቁመት የሚገኘው አንዱን ትንሽ ነገር በሌላው ትንሽ ነገር ላይ በመጫን ነው።

"ያ ኡስታ፣" አልኩት ከጀልባው ሥር ተንበርክኮ ሚስማር የሚመታውን ሽማግሌ፣ "አሮጌ ጀልባ የሚገዛ ሰው ምን ያያል?"

ሚስማሩን ሳይተው መለሰልኝ። "አያይም። ውሃ ያጠጣታል።" መሬት ላይ የቆየች ጀልባ ደርቃ ትሰነጠቃለች፤ የገዛ ሰው መጀመሪያ ጥልቅ ባልሆነ ውሃ ውስጥ አስሯት ያድራል። ውሃው ይገባባታል፣ ትሰምጣለች ማለት ይቻላል። እንጨቱ ጠጥቶ ሲያብጥ ስንጥቁ ይዘጋል። ያኔ ውሃውን ቀድተህ አውጣ፣ ደግሞ እንደገና የሚገባውን እይ። "ሁለተኛ ቀን የሚገባው ነው እውነቱ" አለኝ። ሻጩ በመጀመሪያው ቀን ውሃ ይዋሽብሃል፤ ገዢው ደግሞ በዚያው ቀን ውሃ ፈርቶ ይሄዳል። የለንደኑ መርማሪ በመሣሪያው የሚፈልገውን ይህ ሰው የሚያገኘው በማሳደር ነው።

ጀልባ ላይ ሰው ይኖራል ወይ ስለው "ጎበዝ ነጋዴ ድሮ ይኖር ነበር፤ ማሽላ ጭኖ ከላይ ሲመጣ" አለ። ከዚያ ትንሽ አስቦ ጨመረ፤ "የደቡብ ሰዎችም ኖረዋል።"

ምን ማለቱ እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። ከ2011 ጀምሮ ወደ ደቡብ የሚመለሱት ሰዎች ብዙዎቹ መጀመሪያ የሄዱት ወደ ኮስቲ ነው፤ ነጭ አባይ ላይ ያለው ወደብ። ከዚያ ጠፍጣፋ የጭነት ጀልባ ላይ ተጭነው ከ1,400 ኪሎ ሜትር በላይ በወንዝ ሄደው ጁባ ይደርሳሉ፤ ጉዞው ሳምንታት ይፈጃል። አልጋው፣ ቁም ሣጥኑ፣ ብርድ ልብሱ፣ በሩ፣ ቆርቆሮው አብሮ ይጫናል። ሰው ዕቃው ላይ ይተኛል፣ ዕቃው ላይ ያበስላል፣ ዕቃው ላይ ይወልዳል። ጀልባ ሳይመጣላቸው ቀርቶ በ2012 ኮስቲ ላይ 12 ሺህ ያህል ሰው ለወራት ከተማ ሠርቶ ተቀመጠ፤ በመጨረሻ አብዛኛው በአውሮፕላን ተወሰደ። አክስቴን ያ ከቤቷ የተነቀለው በር ምን እንደሆነ ስጠይቃት ታውቀው ነበር። ከሻጩ ቤተሰብ ጋር የሄደች ጎረቤቷ ከኮስቲ የደወለች ጊዜ፣ በሩን በአራት ግንድ ላይ አጋድመው ጥላ አድርገው ከሥሩ ልጆቹን አስተኝተው እንደነበር ነግራታለች። የውጭ ጋዜጦች ስለ ቤት አልባ ተመላሾች ሲጽፉ በዚያን ሰሞን አንብቤ ነበር። በር ያለው ሰው ቤት አልባ ነው ለማለት ይከብደኛል።

አዲስ አበባ ከተመለስኩ ከጥቂት ወራት በኋላ፣ የለንደኑ ደወለልኝ። መርማሪው ከወለሉ አንዱን ጥግ ከ4 ሚሊ ሜትር በታች አግኝቶት፣ ሻጩ ዋጋውን ቀንሶለት፣ በቀነሰው ገንዘብ ብረት አስለብዶ ገዝቷል። የጀልባዋን ስም መቀየር ፈልጎ ነበር፤ ጎረቤቶቹ ውሃ ላይ ሳለች ስም መቀየር ገድ የለውም ስላሉት ቀለም እስክትቀባ ጠበቀ። ገና ለሁለተኛ ጊዜ መነሳቱ ነው፤ ከአንዱ ድልድይ ወደ ሌላው። አክስታችን በሌላ ስልክ ገባችና ሦስት ሆነን ማውራት ጀመርን።

"ውሃው ያወዛውዝሃል?" አለችው።

"የለም፣ ቦይ እኮ ነው። ብቻ የመጠጥ ውሃ ማጠራቀሚያው ከፊት ስለሆነ ሲሞላ አፍንጫዋ ዝቅ ይላል፣ ሲያልቅ ቀና ትላለች። ወለሉም አብሮ ያዘነብላል።"

"እንዲህ ከሆነ ጀበናህ በየትኛው ነው የሚቆመው፣ ሲሞላ ነው ሲያልቅ?"

"ሲጋመስ።"

"ማቶት ልላክልህ፤ የቀርከሃ ሳይሆን የሽቦውን። ደግሞ ውሃው ሲጋመስ አፍላ፣ ሰውም የምትጠራ ከሆነ በዚያ ቀን ጥራ።"